ዋስ የሌለው መሥዋዕት

በቼስ ገበታ ላይ ከሚደረገው ሁሉ የተመልካችን ትንፋሽ የሚያስይዘው፣ አንድ ተጫዋች ባላጋራው ሳያስገድደው የገዛ ፈረሱን ወይም ግንቡን፣ አልፎ አልፎም ንግሥቲቱን ራሷን ለጠላት አሳልፎ ሲሰጥ ነው፤ ይህም አድራጎት መሥዋዕት ይባላል። መሥዋዕቱን የሚያቀርበው ሰው በሚቈጠረው ሀብት እየደኸየ በማይቈጠረው፣ ማለት በጊዜ፣ በስፍራ፣ በጠጠሮቹ መተባበርና በጠላት ንጉሥ መጋለጥ እከብራለሁ ብሎ የሚያደርገው ስለ ሆነ፣ ነገሩ ከጥንት ጀምሮ የጨዋታውን ሊቃውንት ሲያከራክር ኖሮአል፤ የክርክሩም ሥር አንድ ጥያቄ ነው፤ የማይቈጠረውን ከሚቈጠረው ጋራ በአንድ ሚዛን አኑሮ ማመዛዘን ይቻላልን?

ለዚህ ጥያቄ ጥርት ያለ መልክ የሰጠው የቪየናው ተወላጅ ሩዶልፍ ሽፒልማን ሲሆን፣ እርሱም በ1935 (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው) ስለ መሥዋዕት ጥበብ በጀርመንኛ ባሳተመው መጽሐፍ መሥዋዕትን ከሁለት ወገን ከፍሎታል። የመጀመሪያው ወገን አስመሳይ መሥዋዕት ነው፤ ተጫዋቹ የሰጠው ጠጠር ከጥቂት እርምጃ በኋላ ከነትርፉ እንደሚመለስለት፣ ወይም ባላጋራው በቼክሜት እንደሚወድቅ አስቀድሞ ቈጥሮ የጨረሰው ስለ ሆነ፣ በስሙ መሥዋዕት ቢባል በግብሩ ብድር ነው። ሁለተኛው እውነተኛ መሥዋዕት ሲሆን፣ የተሰጠው ጠጠር ይመለስ ወይም አይመለስ ማንም ቈጥሮ ሊደርስበት የማይችል፣ ሰጪው በልምዱና በስሜቱ ብቻ ታምኖ የሚያቀርበው ነው። ሽፒልማን ያከበረው ይህን ሁለተኛውን ነበር። አይሁዳዊ በመሆኑ ከናዚዎች ፊት ሸሽቶ በ1942 ስቶክሆልም ላይ በስደት ሲሞት፣ በኤሌክትሪክ የሚሠራ አስቢ መኪና ቼስ ይጫወታል ብሎ የጻፈ ሰው ገና እምብዛም አልነበረም፤ ዳሩ ግን እርሱ የተከለው ድንበር ከእርሱ በኋላ በመጡት መኪናዎች ታሪክ ውስጥ ሁለት ጊዜ ሊፈርስና ሊቆም ተወስኖለት ነበር።

አስቀድሞ ስለ ዋጋው ጥቂት መናገር ይገባል። በዛሬው ቼስ ወታደር 1፣ ፈረስና ጳጳስ እያንዳንዳቸው 3፣ ግንብ 5፣ ንግሥት 9 ተብለው ይገመታሉ፤ ይህ ተመን ግን ከዘላለም የተወሰነ አይደለም፤ ንግሥትና ጳጳስ ገበታውን ከዳር እስከ ዳር የሚያቋርጡበትን ኃይል ያገኙት በ15ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ በአውሮፓ ነውና። የትግራዩ ገዢ ራስ ወልደ ሥላሴ ይወዱት በነበረው በእኛ አገር ሰንጠረዥ ግን ጥንታዊው ሥርዓት ጸንቶ ስለ ቈየ፣ ፈርዝ አንዲት ቤት በሰያፍ ከመራመድ፣ ፊልም ሁለተኛዋ ቤት ላይ ከመዝለል አያልፉም ነበር፤ በዚያ ገበታ ፈርዝን መስጠት ማንንም የሚያስደነግጥ አይደለም። ይልቁንም የሰንጠረዥ ሰዎች በግንብ ወይም በፈረስ ጠላትን ማሸነፍ እንደ ተራ ሥራ ቈጥረው፣ በፊልና በመደቅ ማሸነፍን ከፍ አድርገው ያመሰግኑ ነበርና፣ የጠጠር ዋጋና የድል ክብር አንድ እንዳልሆኑ አያቶቻችን ከማንም ሳይማሩ ያወቁት ነገር ይመስለኛል።

በአውሮፓ ግን የንግሥት ኃይል ከበዛ ወዲህ የመሥዋዕት ድፍረት እጅግ በዛ። በሰኔ 1851 ለንደን ላይ ጀርመናዊው አዶልፍ አንደርሰን ከሊዮኔል ኪዘሪትስኪ ጋራ ለመዝናናት በተጫወተው ጨዋታ፣ አንድ ጳጳስ፣ ሁለቱንም ግንቦችና ንግሥቲቱን ጭምር ሰጥቶ፣ ከጠላቱ ሦስት ወታደሮች ብቻ ወስዶ፣ በ23ኛው እርምጃ ድል ነሣ፤ ይህም ጨዋታ ከጥቂት ዓመታት በኋላ «የማይሞተው» የሚል ስም ወጥቶለት እስከ ዛሬ ይጠራበታል። በ1886 የመጀመሪያው የዓለም ሻምፒዮን የሆነው ቪልሄልም ሽታይኒትስ ግን፣ ያልተዘጋጀ ጥቃት የሚከናወነው መካቹ ሲሳሳት ብቻ መሆኑን አስተማረ፤ ከእርሱም ወዲህ የሚያጠቃው ሰው ምክንያቱን እንዲያስረዳ ተገደደ።

ከሽታይኒትስ ትምህርት በኋላ ደግሞ፣ ምክንያቱን ከማስረዳት ይልቅ ባላጋራውን በጨለማ ውስጥ መክተት የመረጠ ሰው ተነሣ። በ1936 ሪጋ ላይ የተወለደው ሚኻኢል ታል፣ በ1960 ሞስኮ ላይ ከሻምፒዮኑ ከሚኻኢል ቦትቪኒክ ጋራ በተጋጠመ ጊዜ፣ በ6ኛው ጨዋታ 21ኛው እርምጃ ላይ ፈረሱን ሰጠ። አዳራሹ በጫጫታ ስለ ታወከ ዳኞቹ ሁለቱን ተጫዋቾች ወደ ውስጠኛው ክፍል ወስደው ጨዋታውን እንዲቀጥሉ እስኪያደርጉ ድረስ ተመልካቹ ተደናገጠ፤ መሐንዲስና ጥንቁቅ ተመራማሪ የነበረው ቦትቪኒክም ሰዓቱ እየሮጠበት ትክክለኛውን መልስ ሳያገኝ ቀርቶ ተሸነፈ። ከዚያ በኋላ በጸጥታ የተደረገው ምርመራ ለቦትቪኒክ መዳኛ መንገድ እንደ ነበረው ገልጦአል። ታል ግን ግጥሚያውን 12½ ለ8½ አሸንፎ በ23 ዓመቱ የዓለም ሻምፒዮን ሆነ። እንግዲህ ያ ፈረስ ስሕተት ነበርን? በገበታው ላይ ከሆነ፣ አዎን፤ በግጥሚያው ላይ ከሆነ ግን ማንም አዎን ለማለት የሚደፍር አይመስለኝም፤ ታል መሥዋዕቱን ያቀረበው ለእንጨት ጠጠር ሳይሆን፣ ቀሪ ሰዓቱ በታወቀ፣ ልቡም በሚመታ በአንድ ሰው ፊት ነበርና። ስለ መኪናዎቹ የምንናገረው ሁሉ ከዚህ ልዩነት ጋራ የተያያዘ ነው።

መኪናዎቹ የመጡት ከሒሳብ ሊቃውንት ቤት ነው። እንግሊዛዊው አለን ቱሪንግ ከጓደኛው ከዴቪድ ቻምፐርናውን ጋራ በ1948 የጨዋታ መመሪያ ቢያዘጋጅም፣ መመሪያውን የሚሸከም መኪና ገና ስላልነበረ፣ በ1952 ከአሊክ ግሌኒ ጋራ በተደረገው ጨዋታ ቱሪንግ ራሱ እንደ መኪና ሆኖ፣ ለእያንዳንዱ እርምጃ ግማሽ ሰዓት ያህል በወረቀት እያሰላ ተጫውቶ ተሸንፎአል። በእርሱ ተመን ጳጳስ 3½፣ ንግሥት ደግሞ 10 ነበሩ። ከዚህ ይልቅ ለኋላ ዘመን መሠረት የሆነው ግን፣ በቤል የቴሌፎን ምርምር ቤት ይሠራ የነበረው አሜሪካዊ ክሎድ ሻነን በ1949 ኒው ዮርክ ላይ በቃል አሰምቶ በ1950 ያሳተመው ጽሑፍ ነው። ሻነን በቼስ ሊደረጉ የሚችሉትን ጨዋታዎች ብዛት ከ1 ቀጥሎ 120 ዜሮ በሚጻፍበት ቍጥር ገምቶ፣ ሁሉን ቈጥሮ መጨረስ ለማንም እንደማይቻል አስረዳ፤ ስለዚህም መኪናው ጥቂት እርምጃ ወደ ፊት ተመልክቶ፣ ከደረሰበት ቆሞ፣ የሁለቱን ወገን ሁኔታ በአንድ ቍጥር እንዲገምት ቀመር አወጣ።

በዚህ ቀመር ላይ ጥቂት መቈየት ይገባናል፤ የመሥዋዕት ዋጋ ለመጀመሪያ ጊዜ በግልጥ የተጻፈው በውስጡ ነውና። ንጉሥ 200፣ ንግሥት 9፣ ግንብ 5፣ ጳጳስና ፈረስ 3፣ ወታደር 1 ተብለው ከተቈጠሩ በኋላ፣ ለተደራረበ፣ ወደ ኋላ ለቀረና ለብቻው ለተነጠለ ወታደር በእያንዳንዱ ግማሽ ነጥብ ይቀነሳል፤ ለጠጠሮቹ ነጻነት ደግሞ፣ በዚያ ሰዓት ሊደረግ ለሚችለው ለእያንዳንዱ እርምጃ፣ የነጥብ ዐሥረኛ እጅ ይጨመራል። ትርጓሜውም እንዲህ ነው፤ አንድ ወታደር የሰጠ ሰው ከባላጋራው ዐሥር እርምጃ የሚበልጥ ነጻነት ካገኘ ዕዳው ተከፈለለት፤ ፈረስ የሰጠም ሠላሳ እርምጃ ማግኘት አለበት። በአንድ ሁናቴ ላይ የሚገኘው ሕጋዊ እርምጃ ሁሉ በአማካይ ሠላሳ ያህል መሆኑን ያየ አንባቢ፣ በሻነን ሚዛን ፈረስ ሠውቶ በነጻነት መካካስ ለምን የማይታሰብ እንደ ነበረ በቀላሉ ይረዳል። ሻነን ይህን ቀመር ለምሳሌ ያህል ብቻ እንዳቀረበው መናገር ተገቢ ነው፤ ከእርሱ በኋላ የመጡት ግን ቍጥሮቹን እያስተካከሉ አጥንቱን ለ70 ዓመት ያህል ጠብቀው ኖሩ።

እንግዲህ በዚህ ሚዛን የሚሠራ መኪና የሽፒልማንን እውነተኛ መሥዋዕት ሲያይ ምን ያያል? ፈረስ በወታደር ሲለወጥ ሁለት ነጥብ መጕደሉን ያያል፤ ከዚያም ወደ ፊት እስከ ተፈቀደለት ርቀት ድረስ ይመለከታል፤ በዚያ ርቀት ውስጥ የጐደለው ሲመለስ ካየ መሥዋዕቱ ወደ አስመሳይነት ተለወጠ፤ ሲመለስ ካላየ ደግሞ ስሕተት ተባለ። በሁለቱ መካከል ሦስተኛ ስፍራ የለም። ሽፒልማን ያከበረው ወገን በዚህ ዓይነት ያለ ምንም ክርክር ከመዝገብ ተሰረዘ።

ይሁን እንጂ የቀደሙት መኪናዎች አንዳንድ ጊዜ ጠጠራቸውን በከንቱ ሲሰጡ ይታዩ ነበር፤ ይህም በመሥዋዕት ታሪክ ውስጥ እጅግ የሚያስገርመው ምዕራፍ ነው። ቀድሞ በደብዳቤ በሚደረግ ቼስ የዓለም ሻምፒዮን የነበረው፣ በኋላም ወደ ኮምፒዩተር ምርምር የገባው ሃንስ በርሊነር፣ በ1973 የነገሩን መንሥኤ ገልጦ የአድማስ ጠንቅ ብሎ ሰየመው። መኪናው ስድስት እርምጃ ብቻ የሚያይ ሲሆን፣ በስድስተኛው እርምጃ ላይ ንግሥቱ እንደምትያዝ ካየ፣ አንድ ወታደር ሰጥቶ ጠላቱን ለጊዜው ያዘገየዋል፤ ያን ጊዜ የንግሥቲቱ መያዝ ወደ ስምንተኛው እርምጃ ይሸሽና ከዓይኑ ይሰወራል፤ ከዓይኑ የተሰወረውንም የዳነ ይመስለዋል። ቀጥሎም ሁለተኛ ወታደር፣ ከዚያም ጳጳስ እየጨመረ፣ የማይቀረውን ጥፋት በየእርምጃው እየገፋ ራሱን ያራቍታል። ታል ከሚታየው አልፎ ስላለመ ጠጠሩን ሰጠ፤ መኪናው ግን የታየውን ላለማየት ሲል ሰጠ። በገበታው ላይ ሁለቱ ሥራዎች ምን ያህል ይመሳሰላሉ!

መድኃኒቱ በሁለት በኩል ተፈለገ። አንደኛው፣ መናጠቅና ንጉሥን ማስጨነቅ እስኪቆም ድረስ መኪናው ፍርዱን እንዳይሰጥ፣ ጸጥታ ሲሆን ብቻ እንዲመዝን ማድረግ ነው፤ ይህንንም ቱሪንግና ሻነን አስቀድመው አስበውት ነበር። ሁለተኛው ፍጥነት ነው። ለፍጥነት ሲባል ግን ሌላ ሥርዓት ተሠራ፤ መኪናው እርምጃዎቹን በወረፋ አሰልፎ፣ ትርፍ የሚያመጡ የሚመስሉትን አስቀድሞ በጥልቀት፣ ኪሳራ የሚመስሉትን ግን በመጨረሻ በጨረፍታ ይመረምር ጀመር። በጠላት የተጠበቀ ወታደርን በፈረስ መብላት በዚህ ወረፋ ከኋለኞቹ ጋራ የሚሰለፍ ስለ ሆነ፣ መሥዋዕት ገና ሳይመረመር በሥርዓቱ የተናቀ ሆነ። ይህን ለማካካስ ንጉሥን በሚያስጨንቁና አማራጭ በማይተዉ መስመሮች ላይ ምርመራው እንዲረዝም ተደርጎአል፤ ስለዚህም መኪናዎቹ ወደ ቼክሜት በሚወስድ መሥዋዕት ከሰው የላቁ ሲሆኑ፣ ፍሬው ዘግይቶ በሚታየው መሥዋዕት ረገድ ለብዙ ዘመን ደካሞች ሆነው ቈዩ።

አሁን ዓለም ሁሉ ወደ ሰማው ነገር ደረስን። በግንቦት 1997 ኒው ዮርክ ላይ፣ የአይ.ቢ.ኤም. ኩባንያ መኪና ዲፕ ብሉ ከዓለም ሻምፒዮኑ ከጋሪ ካስፓሮቭ ጋራ ስድስት ጨዋታ ተጫወተ። መኪናው በሰከንድ 200 ሚሊዮን ሁናቴ ይመረምር ነበር፤ ሚዛኑም እንደ ሻነን በጥቂት ነጥብ የቆመ ሳይሆን 8 ሺህ ያህል ምልክቶችን የሚመለከት ነበር። በ2ኛው ጨዋታ ሁለት ወታደር የሚያስገኝ መንገድ ትቶ ጸጥ ያለ የጳጳስ እርምጃ በመረጠ ጊዜ፣ ካስፓሮቭ ከመኪና የማይጠበቅ ነገር ነው ብሎ እጅግ ተጠራጠረ። ሁለት ተኩል ለሁለት ተኩል ሆነው ግንቦት 11 ቀን ለ6ኛው ጨዋታ ሲቀመጡ፣ ጥቁር የያዘው ካስፓሮቭ በካሮ ካን መክፈቻ በ7ኛው እርምጃ የዳር ወታደሩን አንዲት ቤት ገፍቶ የነጩን ፈረስ አስፈራራ። መልሱ ፈጣን ነበር፤ ዲፕ ብሉ ፈረሱን ይዞ ከንጉሡ አቅራቢያ ያለውን ወታደር በላ፤ በፈረሱም ምትክ የጥቁሩን ንጉሥ መጠለያ አፈረሰ። ካስፓሮቭ ከነጩ 19ኛ እርምጃ በኋላ እጁን ሰጠ፤ ግጥሚያው በመኪናው 3½ ለ2½ ድል ተፈጸመ።

ይህ ፈረስ በጋዜጣውም በመጽሐፉም እንደ መኪና ድፍረት ተቈጥሮ ተወርቶአል። እውነቱ ግን ሌላ ነው። ፌንግ ህሲዩንግ ሹን፣ ማሬ ካምቤልንና ጆሴፍ ሆንን የመሰሉት ሠሪዎች፣ በአሜሪካዊው ታላቅ ጌታ በጆል ቤንጃሚን ምክር እየተረዱ ለመኪናው የመክፈቻ መዝገብ አዘጋጅተውለት ነበር፤ ያ የፈረስ መሥዋዕትም በመዝገቡ ውስጥ በሰው እጅ የተጻፈ፣ በሊቃውንት ዘንድ አስቀድሞ የታወቀ እርምጃ ነበር። ስለዚህ በመኪና ታሪክ ውስጥ ከሁሉ የገነነውን መሥዋዕት መኪናው አልመዘነውም፤ እንደ ደቀ መዝሙር የተሰጠውን ቃል ደገመው እንጂ። ካስፓሮቭ ያን እርምጃ የፈቀደው፣ መኪና በግምት ጠጠር አይሰጥም በሚል ተስፋ ነው ብለው ብዙዎች ተርጕመዋል፤ ትርጓሜው እውነት ከሆነ፣ ሻምፒዮኑ ስለ መኪናው ጠባይ የነበረው ዕውቀት ትክክል ነበር፤ የተሳሳተው በመኪናው ጀርባ የቆሙትን ሰዎች በመርሳቱ ነው።

ሃያ ዓመት አለፈ። በታኅሣሥ 2017 ለንደን የሚገኘው ዲፕማይንድ አልፋዜሮ የተባለውን ፕሮግራም ለዓለም ገለጠ። ይህ ፕሮግራም የጨዋታው ደንብ ብቻ ተነግሮት፣ የጠጠር ተመን ሳይሰጠው፣ የሊቃውንት ጨዋታም ሳይታየው፣ ከራሱ ጋራ እየተጫወተ የተማረ ነው። በዘመኑ ኀያል የቼስ ፕሮግራም ከነበረው ከስቶክፊሽ ጋራ መቶ ጨዋታ አድርጎ 28 ሲያሸንፍ በ72ቱ አቻ ወጣ፤ አንድም አልተሸነፈም። ግጥሚያው የተደረገበት ሁኔታ ለስቶክፊሽ አልተመቸም የሚል ክርክር ተነሥቶ ነበር፤ በ2018 በታተመው ሁለተኛ ዘገባ ግን በሺህ ጨዋታ 155 አሸንፎ በ6 ብቻ ስለ ተሸነፈ ክርክሩ በረደ። ሊቃውንቱን ያስደነቀው ከድሉ ይልቅ ጠባዩ ነው፤ አንድና ሁለት ወታደር፣ አንዳንዴም ከዚያ የሚበልጥ ሰጥቶ፣ ሳይቸኵል፣ ለብዙ እርምጃ ምንም ሳይመለስለት፣ የጠላትን ጠጠሮች እስር ቤት እንደ ገቡ ያህል አፍኖ ይይዝ ነበርና።

ይህ ጠባይ ከየት መጣ? ሚዛኑ ተለውጦአል። የቀድሞው መኪና በወታደር ዋጋ ሲቈጥር፣ አልፋዜሮ የሚቈጥረው በፍጻሜው ተስፋ ነው፤ ሽንፈትን ከዜሮ በታች 1፣ አቻን ዜሮ፣ ድልን 1 አድርጎ፣ እያንዳንዱ ሁናቴ በነዚህ መካከል የት እንደሚውል ይገምታል። በዚህ ሚዛን ላይ ፈረስ የሚባል ዋጋ ለብቻው አልተጻፈም፤ ስለዚህ ፈረስ የሰጠ ሰው ሊከፍለው የሚገባ የታወቀ ዕዳ የለበትም። የምርመራውም ሥርዓት እንዲሁ ይለያል። የቀድሞው መኪና፣ ከሺህ ምስክር መካከል ለከሳሽ እጅግ የከፋውን የአንዱን ቃል ብቻ ይዞ እንደሚፈርድ ዳኛ፣ ለመሥዋዕቱ አንድ መልስ ካገኘ ነገሩን ውድቅ ያደርገዋል፤ አልፋዜሮ ግን ይበልጥ የሚታመነውን ደጋግሞ እየጠየቀ፣ የሁሉንም ቃል ሰምቶ አማካዩን ይይዛል። ባላጋራው በአንዲት ቀጭን መንገድ ብቻ የሚድንበት፣ በሌላው ሁሉ ግን የሚጠፋበት መሥዋዕት በዚህ ዳኛ ፊት ተቀባይነት የማግኘት ዕድል አለው፤ ምንም እንኳ ምርመራው እየረዘመ ሲሄድ ያቺ ቀጭን መንገድ ሚዛኑን ወደ ራሷ መሳቧ ባይቀርም። በሰከንድ 80 ሺህ ሁናቴ ብቻ የሚያየው አልፋዜሮ፣ 70 ሚሊዮን የሚያየውን ስቶክፊሽ ያሸነፈው በዚህ ዓይነት ነው። ሽፒልማን ቈጥሮ የማይደረስበት ያለውን መሥዋዕት አሁን መኪናው ራሱ፣ ቈጥሮ ሳይደርስበት፣ በእምነት ያቀርበው ጀመር።

ስቶክፊሽም ከሽንፈቱ ተማረ። ጃፓናዊው ዩ ናሱ በ2018 ለአገሩ ጨዋታ ለሾጊ ያወጣው ትንሽና ፈጣን ሰው ሠራሽ የነርቭ መረብ በመስከረም 2020 በ12ኛው ስቶክፊሽ ውስጥ ገባ፤ ፈጣኑ ምርመራና የተማረው ግምት በአንድ ቤት ኖሩ። በ2022 መጨረሻ ደግሞ ብዙ ሰው ያላስተዋለው አንድ ለውጥ ተደረገ፤ መኪናው በገበታው ጐን የሚጽፈው 1 ነጥብ ከዚያ በፊት የአንድ ወታደር ብልጫ ማለት የነበረ ሲሆን፣ ከዚያ ወዲህ ግን ከእኩያ ባላጋራ ጋራ በመቶ 50 የማሸነፍ ዕድል ማለት ሆነ። ወታደር መለኪያነቱን አጣ።

ዛሬ በየስልኩ የታልን ጨዋታ እያሳዩ መኪናው ስሕተት ነው አለ የሚሉ ወጣቶች ይህን ቃል «ከእኩያ ባላጋራ ጋራ» የሚለውን ቢያስተውሉት መልካም ነበር። እኩያ ማለት በጫጫታ የማይታወክ፣ ሰዓት የማያስጨንቀው፣ በሰከንድ ሚሊዮን ሁናቴ የሚያይ ሌላ መኪና ነው። መኪናው ስለ ገበታው የሚሰጠው ብያኔ ከማንኛውም ሊቅ ይልቅ የታመነ ነው፤ ከገበታው ማዶ ስለ ተቀመጠው ሰው ግን አልተጠየቀም፤ ቢጠየቅም ቦትቪኒክን የሚመዝንበት ቀመር የለውም።

በ2024 በወጣው ስቶክፊሽ 16.1፣ ከሻነን ጀምሮ ሲወርድ ሲዋረድ የመጣው በሰው እጅ የተጻፈው የግምት ሥርዓት ከነጭራሹ ተፍቆ ወጣ። የጠጠሮቹ የቀድሞ ተመን ቅሪት ከቀረባቸው ስፍራዎች አንዱ ወረፋው ነው፤ መኪናው የትኛውን እርምጃ አስቀድሞ እንደሚመረምር ሲያሰልፍ አሁንም በእርሱ ይጠቀማል፤ ስለዚህ የተጠበቀ ወታደርን በፈረስ የሚበላ እርምጃ ዛሬም መጀመሪያ የሚቆመው ከኋለኞቹ ተርታ ነው።